ስድስቱን ተሸንፎ ማሸነፍ፦ የፔታንክ የክለቦች ውድድር እንዴት ይደራጃል?

ሁለት ክለቦች ፔታንክ ሊጋጠሙ ሲቀጣጠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ቀኑና ስለ ምሳው ነው። ስንት ጨዋታ እንደሚደረግ፣ ማን ከማን እንደሚገጥም፣ ሁለት ክለቦች እኩል ቢሆኑ ማን እንደሚቀድም ግን ሜዳ ከደረሱ በኋላ ይወሰናል፤ ጭቅጭቁም ከዚያው ይጀምራል። ከሐረር በሚኒባስ ወርደው የመጡ እንግዶች ኳሳቸውን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ባለሜዳዎቹ ጥግ ይዘው ሲመካከሩ ማየት ደስ አይልም። ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ወይም በድሬዳዋና በሐረር መካከል፣ የክለብ ለክለብ ውድድር ለማዘጋጀት ላሰበ ሁሉ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። ተጫዋቹ ክብ ውስጥ ሁለት እግሩን ተክሎ ይቆምና የብረት ኳሱን ከ6 እስከ 10 ሜትር ርቀት ላይ ወዳለችው ትንሽ ዒላማ ያስጠጋል፤ አለዚያም የተጋጣሚውን ኳስ መትቶ ያስወጣል። የሁለቱም ወገን ኳሶች ተወርውረው ሲያልቁ አንድ እጅ አለቀ ይባላል። በእጁ መጨረሻ፣ ከተጋጣሚው ምርጥ ኳስ ይልቅ ለዒላማዋ የቀረበ ኳስ ሁሉ አንድ አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ ቀድሞ 13 የሞላ ያሸንፋል። በነጠላና በጥንድ ጨዋታ ሰው ሁሉ 3 ኳስ ይይዛል፣ በሦስትዮሽ ደግሞ 2። ጨዋታው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይ ላ ሲዮታ ላይ ተወለደ፤ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ በ1958 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ላይ ተመሠረተ። በ1902 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ባደረሱት የባቡር ሐዲድ ለተቆረቆረች ድሬዳዋ የሩቅ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

11 ጨዋታ፣ 31 ነጥብ

አንድ ግጥሚያ በሦስት ክፍል ይካሄዳል። መጀመሪያ ስድስት የነጠላ ጨዋታዎች፣ ቀጥሎ ሦስት የጥንድ፣ በመጨረሻ ሁለት የሦስትዮሽ ይደረጋሉ። በሦስቱም ክፍል ከእያንዳንዱ ክለብ ስድስት ሰው ይጫወታል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይውልም። የነጠላ ድል 2 ነጥብ፣ የጥንድ 3፣ የሦስትዮሽ 5 ያስገኛል። ድምሩ 12፣ 9 እና 10 ሆኖ 31 ይመጣል። 31 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አቻ የሚባል ነገር የለም፤ 16 የደረሰ ክለብ አሸነፈ። የፈረንሳይ የክለቦች ሻምፒዮና የሚጠቀምበት ቀመር ይኸው ነው። ለእኛም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ለምን ይህን እንደምወድ በቁጥር ላሳይ። አንድ ክለብ ስድስቱንም ነጠላ ተሸነፈ እንበል፤ 12 ለ 0 እየተመራ ነው። ከሦስቱ ጥንድ ሁለቱን ቢያሸንፍ 15 ለ 6 ይሆናል። ሁለቱንም ሦስትዮሽ ካሸነፈ ደግሞ 16 ለ 15 ወጣ። በግል የሚደርስባቸው የሌሉ ስድስት ኮከቦችን የሰበሰበ ክለብ፣ ተግባብተው በሚጫወቱ ስድስት ሰዎች ሊረታ ይችላል ማለት ነው። የክለብ ውድድር መለካት ያለበትም ይህንኑ ነው። አንዳንድ አዘጋጆች «ይቅለለን» ብለው ለሁሉም ጨዋታ አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣሉ። ያኔ ከ11 ነጥብ ስድስቱ የነጠላ ይሆናል፤ ነጠላውን የጠረገ ክለብ ሦስትዮሹ ሳይጀመር ዕቃውን ይሸክፋል።

አንድ ነገር ቀድሞ ይወሰን፦ አንዱ ክለብ 16 ከደረሰ በኋላ የቀሩት ጨዋታዎች ይደረጋሉ ወይስ ይቀራሉ? ውድድሩ የአንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ከሆነ ይቅሩ። የዙር ውድድር ከሆነና በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የነጥብ ልዩነት የሚቆጠር ከሆነ ግን የግድ ይደረጉ። አንዱ ግጥሚያ 16 ለ 5 ላይ ቆሞ፣ ሌላው እስከ መጨረሻው ተጫውቶ 26 ለ 5 ቢያልቅ፣ ሁለቱን ልዩነቶች ማወዳደር ሐሰተኛ ሚዛን ላይ መመዘን ነው። ብዙ ሰንጠረዦች የሚበላሹት በዚህ ነው፤ ስህተቱም የሚታወቀው የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው።

አንድ ክለብ ከ6 እስከ 8 ተጫዋች ይዞ ይምጣ። በአጠቃላይ ዝርዝሩ ላይ 12 ሰው ቢያስመዘግብ ችግር የለም፣ ለዕለቱ ግን ከ8 አይለፍ። ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ፣ ከሁለቱ ሦስትዮሾችም አንዱ የሴትና የወንድ ድብልቅ እንዲሆን በደንቡ ላይ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ሴት ተጫዋቾች በየግጥሚያው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከክለቡ ይጠፋሉ።

የአሰላለፍ ወረቀት

ከሁሉም በላይ ልታስቡበት የሚገባው ይህ ነው። አሠራሩ እንዲህ ይሁን። የነጠላው ክፍል ከመጀመሩ 15 ደቂቃ በፊት ሁለቱ አምበሎች ከ1 እስከ 6 ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ላይ የተጫዋቾቻቸውን ስም ሞልተው፣ አጥፈው፣ በአንድ ጊዜ ለዳኛው ይሰጣሉ። ዳኛው ሁለቱንም በእጁ ካስገባ በኋላ ብቻ ይከፍታል፤ የአንዱ 1ኛ ከሌላው 1ኛ፣ 2ኛው ከ2ኛው እያለ ያጋጥማል። ለጥንዱና ለሦስትዮሹም እንዲሁ፤ ያለፈው ክፍል የመጨረሻ ጨዋታ ባለቀ በ10 ደቂቃ ውስጥ አዲስ ወረቀት ይቀርባል።

«በአንድ ጊዜ» የሚለው ቃል ከተዘለለ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም። እንግዳው አምበል በትህትና ወረቀቱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ባለሜዳው በጨረፍታ አይቶ በጣም ደካማውን ሰው ከእንግዳው ኮከብ ጋር ያጋጥማል። አንዱን ጨዋታ እንደሚያጣ አውቆ አምስቱን ያመቻቻል ማለት ነው። በደግነት የሠራ ተጎዳ፣ ያታለለ ተጠቀመ። ወረቀቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ስም መቀየር የሚቻለው ተጫዋች ሲታመም ብቻ ይሁን፤ ያውም የሚገባው ተጠባባቂ በወጣው ቁጥር ላይ እንጂ ሌሎቹ ሳይሸጋሸጉ።

ቅያሪን በተመለከተ፦ በነጠላ ቅያሪ የለም። በጥንድና በሦስትዮሽ በአንድ ጨዋታ አንድ ሰው ብቻ መቀየር ይፈቀድ፤ በሁለት እጆች መካከል እንጂ እጅ ተጀምሮ አይሁን። የወጣ ሰው ወደዚያው ጨዋታ አይመለስም። አምበሉ ለተጋጣሚው አምበልና ለዳኛው ሳይናገር ያስገባው ተጫዋች የወረወረው ኳስ እንደማይቆጠር ጻፉ፤ አለዚያ «ነግሬው ነበር»፣ «አልነገርከኝም» ማለቂያ የለውም።

ምዝገባ ላይ አንድ ሰው በአንድ የውድድር ዘመን ለአንድ ክለብ ብቻ ይጫወት። ዝርዝሩ ከመጀመሪያው ግጥሚያ ከሁለት ሳምንት በፊት ይዘጋ፤ ከፋይዳ ወይም ከቀበሌ መታወቂያ ጋር ይመሳከር። ወንድም ለወንድም፣ ጎረቤት ለጎረቤት «ለዛሬ ብቻ ተበደርልን» የሚባልበት ከተማ ነው፤ ደግነቱ የሚወደድ ነው፣ ሰንጠረዡን ግን ያፈርሰዋል።

ሜዳው

ለአንድ ግጥሚያ ሦስት መደብ (የመጫወቻ ቦታ) ይበቃል። ስድስቱ ነጠላዎች በሁለት ተራ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ሦስቱ ጥንዶች በአንድ ጊዜ፣ ሁለቱ ሦስትዮሾችም በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ። የጨዋታው ደንብ ለትላልቅ ውድድሮች 15 በ4 ሜትር መደብ ይጠይቃል፤ ቦታ ካጠረ ከ12 በ3 በታች አይውረዱ። ሦስት ባለ 15 በ4 መደቦች ጎን ለጎን 15 በ12 ሜትር ይይዛሉ፤ ዙሪያውን አንድ አንድ ሜትር ሲጨመር 17 በ14 ሜትር ቦታ ፈልጉ። ጥግ ላይ ግንብ ወይም የጣውላ አጥር ካለ ከሞተ ኳስ መስመሩ (ኳስ ካለፈው ከጨዋታ ውጪ የሚሆንበት) ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ይራቅ።

መሬቱ በደንብ ተደምድሞ፣ ላዩ ላይ ወደ 1 ሳ.ሜ. ያህል ደቃቅ ጠጠር ይነስነስበት። ለ17 በ14 ሜትር ወደ 2.4 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባል። ከዚህ ካበዛችሁ ኳሱ ባረፈበት ይቀበራል፤ ከሩቅ ከፍ አድርጎ የሚጥል ብቻ ያሸንፍና አንከባሎ የሚያስጠጋው ይከስራል። ካሳነሳችሁ ደግሞ የድሬ መሬት በፀሐይ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ስለሚሆን ኳሱ ነጥሮ ከወሰን ይወጣል። የወንዝ አሸዋ ብቻውን አያዋጣም፣ ጠጠር ይቀላቀልበት። ከዋዜማው ማታ ውኃ ይርከፈከፍ። ጠዋት የሚርከፈከፍ ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፤ የከፋው ግን አንዱ መደብ ረጥቦ ሌላው ሲደርቅ ነው፤ የመጀመሪያው ተራና የሁለተኛው ተራ ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ሜዳ አላገኙም።

ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፎች ጥላቸው የሚያስመኝ ነው። የኒም ዛፍ ሥር ከሆናችሁ ግን ፍሬው እየረገፈ የኳሱን መንገድ ያስታል፤ በየክፍሉ መሐል መጥረጊያ ይዞ የሚጠርግ ሰው መድቡ። ወደ ላይ የወጣ ሥር ያለበት ቦታ ላይ መደብ አትዘርጉ።

ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ያለው ሰፊ አሸዋ በበጋ ያማልላል፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ኪራይ የሌለበት ነው። በክረምት ወራት ግን በፍጹም አታስቡት። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ስንት ሰው እንደወሰደ ይህች ከተማ አትረሳውም። በበልግ ዝናብም ቢሆን ወንዙ ውስጥ ውድድር ማድረግ አይገባም።

ሰዓቱ

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከእሷ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከሐረር የሚወርዱ ተጫዋቾች በእኩለ ቀን ድሬ ላይ ስድስት ኳስ ሳይጥሉ ይደክማሉ። ስለዚህ ቀኑን ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ነጠላውና ጥንዱ ጠዋት፣ ሦስትዮሹ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን።

ጨዋታዎቹን በሰዓት ካልገደባችሁ ይህ አይሳካም። ነጠላ 40 ደቂቃ፣ ጥንድ 50፣ ሦስትዮሽ 60 ይሁን። ሰዓቱ ሲደወል የተጀመረው እጅ ያልቃል፤ ከዚያ አንድ እጅ ብቻ ይጨመራል፤ ያኔም እኩል ከሆኑ አሸናፊ እስኪለይ አንድ አንድ እጅ ይጫወታሉ። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው የነጠላ ተራ 1 ሰዓት ላይ ቢጀምር 2 ሰዓት ከመሙላቱ በፊት ያልቃል፤ ሁለተኛው ተራ እስከ 3 ሰዓት፤ ጥንዱ ከ3 ሰዓት ከሩብ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሦስትዮሹ 10 ሰዓት ላይ ቢጀምር 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያልቃል። ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ11 ሰዓት ከ45 እስከ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ባለው ጊዜ ስለምትጠልቅ ለቅሬታና ለሽልማት የሚሆን ብርሃን ይተርፋል።

ለምን 9 ሰዓት አይሆንም የሚል ይኖራል። በድሬ ከምሳ በኋላ በርጫ አለ፤ 9 ሰዓት ብላችሁ ብትቀጥሩ ግማሹ ሰው 10 ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ፎርፌ ልትሰጡ ነው ወይስ ልትጠብቁ? የሚከበር ሰዓት መቅጠር ይሻላል። ሜዳ ላይ፣ መደቡ ውስጥ፣ ማጨስም ሆነ ስልክ መነካካት በጨዋታው ደንብ የተከለከለ ነው፤ ጫት መቃምንም እዚያው ላይ ጨምሩት።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ለሁሉም ይመቻል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። በረመዳን ወር ግጥሚያ አትመድቡ። የጾመ ሰው ያለ ውኃ በዚያ ሙቀት ሙሉ ቀን ቆሞ እንዲወረውር መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ኢፍጣር እየተቃረበ ሦስትዮሽ ማስጨረስም አይቻልም። የውድድር ዘመኑን ስትደለድሉ ይህን ወር ቀድማችሁ አውጡት፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም የአምናውን መርሐ ግብር መገልበጥ አይሠራም።

ኳስና መለኪያ

ለውድድር የሚፈቀድ ኳስ ከብረት የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ፣ ስፋቱ ከ7.05 እስከ 8 ሳ.ሜ.፣ ክብደቱ ከ650 እስከ 800 ግራም ሆኖ የአምራቹ ምልክትና ክብደቱ የተቀረጸበት ነው። ዒላማዋ 30 ሚ.ሜ. ናት፣ አንድ ሚሊ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል፤ ክብደቷ ከ10 እስከ 18 ግራም።

ፍተሻው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። አንድ አናጺ በቀጭን ጣውላ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይብሳላችሁ፤ አንዱ 70.5 ሚ.ሜ.፣ ሌላው 80። ኳሱ በትንሹ ማለፍ የለበትም፣ በትልቁ ማለፍ አለበት። ከዚያ በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይመዘን። ከሱፐርማርኬት የሚገዙት ባለሣጥን የመዝናኛ ኳሶች ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው በሌላ ነገር የተሞላ ነው፤ ሲመቱ ድምፃቸው የታፈነ ነው፣ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲንከባለሉም ይጠማዘዛሉ። ክለቦቹ ገና ጀማሪ ከሆኑ ለመጀመሪያው ዓመት ይፈቀዱ፤ በአንድ ጨዋታ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ይያዝ። ደንበኛውን ኳስ ከመዝናኛው ጋር ማጋጠም ውጤቱን ለገንዘብ መስጠት ነው።

ኳሶቹን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ብረት ነው፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ እጅ ያቃጥላል፤ ላብ በያዘ እጅ የተያዘ ትኩስ ኳስ ደግሞ ከጣት ያመልጣል። ለእያንዳንዱ መደብ ጥላ ውስጥ አንድ ወንበርና ደረቅ ጨርቅ ይቀመጥ።

ክቡን በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ መጫር ይቻላል፤ ከ35 እስከ 50 ሳ.ሜ. ስፋት ይፈቀዳል። ጠጠር ላይ ግን ጭረቱ ወዲያው ይጠፋና «እግርህ ወጥቷል» ይመጣል። በብየዳ ቤት ከ6 ሚሊ ፌሮ 1 ሜትር ከ59 ሳ.ሜ. አስቆርጣችሁ ብታስጠቀልሉና ብታስበይዱ ውስጡ በትክክል 50 ሳ.ሜ. ይሆናል። ለሦስት መደብ ሦስት ክብ። የብየዳውን እብጠት አስሞርዱ፣ እግር ያደናቅፋል።

ለዳኛው 10 ሜትር የብረት ሜትር፣ ለቅርብ ልኬት አንድ ካሊፐርና የሚታጠፍ ሜትር፣ ዒላማዋ ያለችበትን መሬት ላይ ምልክት ለማድረግ ቀጭን እንጨት፣ የሩጫ ሰዓት፣ ሁሉም የሚሰማው ፊሽካ ያስፈልጋሉ። በሲባጎ ርቀት መለካት ይቅር፤ ሲሳብ ይረዝማል።

ዳኛ የሚጠራባቸው ነገሮች

ዳኛው ከሁለቱ ክለቦች የአንዱም አባል መሆን የለበትም። አራት ክለቦች ካሉ ሁለቱ ሲጋጠሙ ሦስተኛው ዳኛ ይልካል፤ ይህ ግዴታ በመርሐ ግብሩ ላይ ከግጥሚያው ጎን ይጻፍ። ዳኛ ያልላከ ክለብ ከሰንጠረዡ አንድ ነጥብ ይቀነስበት። ይህ ቅጣት ከሌለ የሚላክ ዳኛ የለም።

በየጊዜው ዳኛ የሚያስጠሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ዒላማዋን የወረወረው ወገን ከ6 ሜትር ያነሰ ወይም ከ10 የበለጠ ቢወረውር፣ ወይም ከማንኛውም እንቅፋት 50 ሳ.ሜ. ሳትርቅ ብትቀር፣ ሁለተኛ ሙከራ የለውም። ተጋጣሚው አንስቶ ትክክል ቦታ ላይ ያስቀምጣታል፤ የመጀመሪያውን ኳስ ግን ያው ዒላማዋን የወረወረው ወገን ይጥላል። ይህን ያልሰሙ ነባር ተጫዋቾች በድሮው ደንብ ሦስት ጊዜ መወርወር የለመዱ ስለሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ለአንድ ኳስ አንድ ደቂቃ ይፈቀዳል። ደቂቃው የሚቆጠረው ያለፈው ኳስ ወይም ዒላማዋ ከቆመች ጀምሮ ነው፤ ልኬት ካለ ልኬቱ ካለቀ በኋላ። የሚጥለው ሰው ወይም ጓደኛው ካለፈው ኳስ የቀረ አንድ ጉድጓድ ብቻ መድፈን ይችላል፤ ሜዳውን በእግር እያስተካከሉ መሄድ ክልክል ነው። ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ፣ ብርቱካናማ የሚጣለውን ኳስ ማሳጣት፣ ቀይ ከጨዋታው ማስወጣት ነው።

ልኬት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚለካ ተጫዋች ዒላማዋን ወይም ከሚለኩት ኳሶች አንዱን ካንቀሳቀሰ ወገኑ ያንን ነጥብ ያጣል። ስለዚህ ከ2 ሳ.ሜ. በታች ልዩነት የሚመስል ከሆነ ራሳችሁ አትለኩ፣ ዳኛ ጥሩ። ሁለት ኳሶች እኩል ርቀት ላይ ከሆኑ፣ ኳስ የቀረው አንዱ ወገን ብቻ ከሆነ እሱ ይጥላል፤ ሁለቱም ኳስ ካላቸው የመጨረሻውን የጣለው ወገን ይደግማል፣ ከዚያ ተራ በተራ አንዱ እስኪቀድም ይቀጥላሉ። ማንም ኳስ ካልቀረውና እኩል ከሆኑ ያ እጅ ያለ ነጥብ ያልፋል። ነጥቡ ላይ ሁለቱም ሳይስማሙ ኳስ ያነሳ ሰው ያነሳቸው ኳሶች አይቆጠሩም። ይህ የጨዋታው ደንብ ነው፤ ችኩል ተጫዋቾችን የሚያስለቅስ።

ዒላማዋ ያለችበት ቦታ በምልክት ካልተያዘና በአንድ ነገር ከተንቀሳቀሰች፣ የማንም አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። ድሬ ላይ ፍየልም ሕፃንም መደቡን ማቋረጡ የተለመደ ነው፤ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ምልክት ማድረግ ልማድ ይሁን።

በሰዓት በተገደበ ጨዋታ ላይ አንድ ተንኮል አለ። የሚመራው ወገን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነጥብ ቆጠራውን ያጓትትና ቀጣዩ እጅ እንዳይጀመር ያደርጋል። መድኃኒቱ ደንቡ ውስጥ አለ፦ አዲስ እጅ ተጀመረ የሚባለው ያለፈው እጅ የመጨረሻ ኳስ ሲጣል ነው። ፊሽካው ከዚያ በኋላ ከተነፋ፣ ቢለኩም ቢከራከሩም፣ ቀጣዩ እጅ እንደተጀመረ ይቆጠራል።

መዘግየትና ፎርፌ

በሰዓት በተገደበ ጨዋታ 5 ደቂቃ የዘገየ ወገን ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ያስመዘግባል፣ ከዚያም በየ5 ደቂቃው አንድ አንድ ነጥብ ይጨመራል። ለ40 ደቂቃ ጨዋታ አንድ ሰዓት መጠበቅ ትርጉም ስለሌለው 30 ደቂቃ ሲሞላ ጨዋታው ይሸነፍ። የሦስትዮሽ ቡድን በሁለት ሰው መጀመር ይችላል፣ የጎደለውን ሰው ኳሶች ግን አይጥልም። ሙሉ ክለቡ ካልመጣ አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ከሐረር በደንገጎ የሚወርደው መንገድ ላይ የተበላሸ ከባድ መኪና ሁሉን ሰው ሊያቆም ይችላል፤ አምበሉ የቀጠሮው ሰዓት ሳይደርስ ደውሎ ካሳወቀ ሌላ አንድ ሰዓት ይታገሡት። ሳይደውል ከቀረ ፎርፌ ነው፣ 31 ለ 0።

አራት ክለቦች አንድ ጊዜ እርስ በርስ ሲገናኙ 6 ግጥሚያ በ3 ሳምንት ያልቃል። አምስት ከሆኑ 10 ግጥሚያ በ5 ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንዱ እያረፈ። ላሸነፈ 3፣ ለተሸነፈ 1፣ ፎርፌ ለሰጠ 0 ስጡ። ለተሸናፊ የሚሰጠው 1 ነጥብ ምጽዋት አይደለም፤ መሸነፉን አውቆም ቢሆን እንዲመጣ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለት ክለቦች እኩል ከሆኑ መጀመሪያ እርስ በርስ ያደረጉት ግጥሚያ ይታያል፤ ቀጥሎ ከ31ዱ ያገኙትና ያጡት ልዩነት፤ በመጨረሻ በ11ዱ ጨዋታዎች የተቆጠረው ጠቅላላ ነጥብ ልዩነት። ሦስት ክለቦች እኩል ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ብቻ የተጋጠሙበትን ትንሽ ሰንጠረዥ ሥሩ። ፎርፌ ያገኘ ክለብ በነፃ 31 ነጥብ ልዩነት ስለሚያገኝ፣ እኩል የሆኑ ክለቦች ሲለዩ ፎርፌ ከሰጠው ክለብ ጋር የተደረጉ ግጥሚያዎች ከሁሉም ላይ ይውጡ። ይህን አንቀጽ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ማን እንደሚጠቀም ማንም ሳያውቅ ጻፉት፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚጻፍ ደንብ ለአንዱ የተጻፈ ይመስላል።

አንድ ክለብ መሐል ላይ ከወጣ፣ ከግጥሚያዎቹ ግማሹን ካላደረገ ውጤቶቹ ሁሉ ይሰረዙ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ካደረገ የቀሩት ፎርፌ ይሁኑ።

የውጤት ወረቀቱ በሦስት ኮፒ ይሞላ፤ ለሁለቱ ክለቦችና ለአዘጋጁ። ሁለቱ አምበሎችና ዳኛው ከፈረሙ በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ፎቶ ተነሥቶ በውድድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፍ። ክስ ያለው አምበል ከመፈረሙ በፊት ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ፤ ከፈረመ በኋላ የሚመጣ ክስ አይታይም። ኳስ ገባ፣ አልገባም፣ ቀረበ፣ ራቀ የሚለው ላይ የዳኛው ቃል የመጨረሻ ነው። ስለ ተጫዋች ምዝገባና ስለ ደንብ ትርጉም የሚቀርብ ክስ ግን ከሦስት ገለልተኛ ሰዎች ለተቋቋመ ኮሚቴ ይቅረብ፤ ኮሚቴው ቀጣዩ ሳምንት ግጥሚያ ከመድረሱ በፊት፣ እስከ ረቡዕ ማታ፣ በጽሑፍ ይመልስ።